በትንሽ ወጪ የገና መጫወቻ ለትንሽ ልጅ፦ ጎማው የሚዞር መኪና፣ የማይፈታ ኳስ፣ ሆዷ የማይዘረገፍ አሻንጉሊት

አምና ለልጄ የሠራሁት የካርቶን መኪና ዕድሜው አንድ አቦል ነበር። የገና ዕለት ጠዋት ሰጠሁት። ቶናው ሳይቀዳ የፊት ጎማው ወለቀ። ጎማው የሃይላንድ ክዳን ነበር፤ ልጁ ወዲያው ወደ አፉ ወሰደው። ከንፈሩ ላይ ሳለ እናቴ ነጠቀችው። እኔ መኪናዬን ፎቶ እያነሳሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ወላጆችን ስጠይቅ ሁሉም የሚወድቁት እዚያው ቦታ ላይ ነው። ጎማው አይዞርም ወይ ይወልቃል። የካልሲው ኳስ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይፈታል። አሻንጉሊቷ በብብቷ ትቀደድና ጥጧ ቤቱን ይሞላዋል። ይህ መመሪያ ሦስቱን እንዴት እንደምትሠሩ ነው። የታሰበው ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ነው።

መቼ ይጀመር?

ከገብርኤል ማግስት፣ ታኅሣሥ 20። አትሳቁ። ሥራው ራሱ ብዙ ሰዓት አይፈጅም፤ ጊዜ የሚበላው ሙጫው እስኪደርቅ መጠበቁ ነው። ዋዜማው ላይ ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ ዶሮ እየገነጠላችሁ ጎማ አጣብቃለሁ ብትሉ እርጥብ መኪና ትሰጡታላችሁ። እርጥብ ካርቶን ደግሞ ልጅ ሲደገፍበት እንደ ፓስታ ይተኛል።

ውጭ አገር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ፈረንጆቹ ታኅሣሣቸው በገባ በ25 አክብረው ካርቶናቸውን ደጅ ሲያወጡ የእኛ ገና ገና 13 ቀን ይቀረዋል። ደረቁንና ንጹሑን መርጣችሁ ውሰዱ።

## ደረጃ 1፦ ዕቃ ማዘጋጀት

ከቤት የሚገኝ፦

- አንድ ትንሽ ጠንካራ ካርቶን። የልጅ ጫማ ካርቶን ልክ ነው፦ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት። የሻይ ቅጠል ካርቶን ይሳሳል፣ ተዉት።
- መሐሉ ሞገድ ያለው ወፍራም ካርቶን፣ ለጎማ። የቴሌቪዥን ወይም የፓስታ ካርቶን ይሆናል።
- ሦስት አሮጌ ካልሲ፣ አንድ አሮጌ ቲሸርት፣ የነጠላ ወይም የጥበብ ቁራጭ
- አሮጌ ጋዜጣ ወይም ያለቀ ደብተር
- የቡና ሲኒ፣ ወስፌ፣ መቀስ፣ መርፌና ክር
- ግማሽ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት

ከሱቅ የሚገዛ፦ ነጩ ኮላ እና ሦስት ያልተቀረጸ እርሳስ፤ ሁለቱ ለመኪናው፣ አንዱ አሻንጉሊቷን ለመገልበጥ። በቃ።

ጨርቁን ሁሉ አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡና ፀሐይ ላይ አድርቁ። መርፌዎቻችሁን ቁጠሩና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

እነዚህን ከጠረጴዛው አንሱ

የሃይላንድ ክዳን፣ ቆርኪ፣ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ማግኔት፣ ባትሪ፣ ባቄላና ሽምብራ። ለትንሽ ልጅ መጫወቻ ላይ አንዳቸውም አይገቡም። ሽምብራ ጣሳ ውስጥ ከትቶ ማንሿሿት የሚያምራችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ጣሳው ሲከፈት ሽምብራው አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል።

መለኪያችሁ የሶፍት ካርቶን ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ልጅ ያንቃል ብላችሁ ያዙ። በመጫወቻ ደረጃዎች ላይ ያለው የፍተሻ ቱቦ 3.17 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። የሶፍቱ ከዚያ ይሰፋል፤ ስለዚህ እናንተ ከፋብሪካው የበለጠ ትጠነቀቃላችሁ ማለት ነው።

ሱፐር ግሉንም መልሱት። ጥጥና ጨርቅ ሲነካ ይግላል፣ ጣት ያቃጥላል። ሲደርቅ ደግሞ ክርር ይልና ልጁ አንዴ ሲጥለው ቀጭ ይላል።

## ደረጃ 2፦ የዱቄት ሙጫ

ይህ ለወረቀት ነው። ለጎማው ኮላውን ትጠቀማላችሁ።

1. ግማሽ ብርጭቆ ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ። ጓል እንዳይኖረው በደንብ እሹት።
2. አንድ ብርጭቆ ተኩል ውኃ አፍሉ።
3. ብጥብጡን የፈላው ውኃ ላይ በቀስታ ጨምሩ፤ ማማሰሉን አታቋርጡ።
4. እሳቱን ቀንሳችሁ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ አማስሉ። ነጭነቱ ሲጠፋና መስተዋት መስሎ ሲወፍር አውጡ።
5. አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ሻጋታውን ያዘገየዋል።
6. ሳይቀዘቅዝ አትጠቀሙበት።

ጓል ከያዘ በወንፊት አጥልሉት። ከቀጠነ እሳት ላይ መልሱትና አማስሉ፤ ደረቅ ዱቄት አትነስንሱበት፣ ይባስ ይጓጉላል። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ከሸተተ ድፉት።

## ደረጃ 3፦ መኪናው

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ካርቶኑን ያስጌጣል፣ መስኮት ይቀዳል፣ ቀለም ይቀባል፤ ጎማ መጨረሻ ይመጣል። ተቃራኒውን አድርጉ። ጎማው ካልዞረ የተቀረው ካርቶን ነው።

አሠራሩን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ጎማው ከእርሳሱ ጋር ይጣበቃል። እርሳሱ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ቱቦው ከካርቶኑ ጋር ይጣበቃል። አምና እኔ ጎማውን እርሳሱ ላይ ልቅ ትቼ እርሳሱን ከካርቶኑ ጋር አጣበቅሁት። ስለዚህ ጎማው እየሾለከ ወጣ።

ቱቦውን መሥራት

1. እርሳሱ ላይ ከፌስታል የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ሁለት ዙር ጠቅልሉ። ይህ ክፍተት ለመፍጠር ነው።
2. ከላዩ የደብተር ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየቀባችሁ 6 ዙር ጠቅልሉ።
3. ወዲያው እርሳሱን እያሽከረከራችሁ አውጡ። ፌስታሉንም ሳቡና ጣሉ፣ ልጅ አጠገብ አትተዉት።
4. ሁለት ቱቦ ሥሩ። ቀጥ አድርጋችሁ አጋድሟቸውና አንድ ሌሊት ይደሩ።
5. ሲደርቁ ከካርቶኑ ስፋት ግማሽ ሳንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ። ትርፉ በሁለቱም በኩል ትንሽ ወጣ ብሎ ጎማው ከካርቶኑ ጋር እንዳይፋተግ ያደርጋል።

*እርሳሱ ቱቦው ውስጥ ከጠበቀ፦* ወረቀቱ ሲደርቅ ተኮማትሯል። በግድ አትግፉት። አዲስ ሥሩና ፌስታሉን ሦስት ዙር አድርጉት።

ጎማውን መቁረጥ

1. የሲኒውን አፍ ወፍራሙ ካርቶን ላይ ደፍታችሁ በእርሳስ ዙሩት። 18 ክብ ቁረጡ። ለአራት ጎማ 12 ይበቃል፤ ስድስቱ ሁለት ትርፍ ጎማ ይሆናሉ።
2. ከ18ቱ 12ቱን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በኮላ አጣብቁ። የአንዱ ሞገድ አግድም ከሄደ የሌላው ቁልቁል ይሂድ። አንድ አቅጣጫ ከሆኑ ጎማው በሞገዱ በኩል ይታጠፋል።
3. ጠፍጣፋ ነገር ላይ ደርድሯቸውና 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጫኑበት። እስከ ጠዋት አትንኩት። ሳይጫን የደረቀ ካርቶን እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ ይቆለመማል።
4. ስድስቱን ነጠላ ክቦች ለብቻ አስቀምጡ። የውጭ ክዳን ይሆናሉ።

መሐሉን ማግኘት

በዓይን አትገምቱ። በሲኒው ልክ ስስ ወረቀት ቁረጡ። ለሁለት እጠፉት፣ እንደገና ለሁለት እጠፉት፣ ዘርጉት። እጥፋቶቹ የተቋረጡበት ነጥብ መሐል ነው። ወረቀቱን በየጎማው ላይ አስተካክላችሁ አድርጉና ነጥቡን በወስፌ ውጉ።

ከዚያ ቀዳዳውን በወስፌው እያዞራችሁ ቀስ በቀስ አስፉ። እርሳሱ ተግደርድሮ መግባት አለበት። በአንድ ጊዜ ከወጋችሁት ካርቶኑ በጀርባ ይቦጨቃል። እጃችሁን ደግሞ ከስሩ አታድርጉ፤ አሮጌ ጨርቅ አጥፋችሁ አንጥፉበት። ወስፌ መዳፍ ላይ ሲገባ ምን እንደሚመስል ከእኔ ልምድ ውሰዱ።

*ቀዳዳው ከሰፋ፦* እርሳሱ ጫፍ ላይ ኮላ የተቀባ ቀጭን ወረቀት ጠምጥሙ፤ እስኪጠብቅ ድረስ።

መገጣጠም

1. በካርቶኑ ሁለት ጎን፣ ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ የፊትና የኋላ ቀዳዳ ምልክት አድርጉ። አንድ ወረቀት ላይ ነጥቦቹን ቀድማችሁ ለሁለቱም ጎን እርሱኑ ተጠቀሙ። ለየብቻ ከለካችሁ መኪናው ዘወትር ወደ ግራ ይነዳል።
2. ቱቦዎቹን ከጎን ወደ ጎን አሳልፉ። ዙሪያቸውን በኮላ አጣብቁና ይድረቁ።
3. እርሳሶቹን አስገቡ። ጎማዎቹን ያለ ኮላ ግጠሙ።
4. ትሪ አዘንብላችሁ መኪናውን ልቀቁት። ቀጥ ብሎ ከወረደ ቀጥሉ።
5. የእርሳሱን ትርፍ ከጎማው ጋር እኩል ቁረጡ። ስንጥሩን በሻካራ ነገር አሹት።
6. አሁን ጎማውን በኮላ አጣብቁ። ኮላው ወደ ቱቦው እንዳይፈስ በጣም ትንሽ ቀቡ።
7. ነጠላውን ክብ ከውጭ ለጥፉበት። የእርሳሱን ጫፍ ይሸፍናል፣ ጎማውንም ከመሹለክ ይይዛል።
8. ካርቶኑን በተጨማደደ ጋዜጣ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉና ክዳኑን አጣብቁ። ልጅ መኪና አይገፋም፣ ይደገፍበታል። ባዶ ካርቶን አይችለውም።

*ከተንገዳገደ፦* የአንዱ ጎማ ቀዳዳ መሐል ላይ አይደለም። ትርፉን ተኩ።
*አንድ ጎማ አየር ላይ ከቀረ፦* አንዱ ቱቦ ጠሟል። ኮላው ሳይጠነክር አስተካክሉት።
*ኮላ ቱቦው ውስጥ ከገባ፦* ወዲያው እርሳሱን እያሽከረከራችሁ ቆዩ። አንዴ ከደረቀ ሌላ ቱቦ ነው።

የሚጎተት ገመድ አታስሩበት። አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ይህ የሚገፋ መኪና ነው።

ቀለም

ያረጀ የቤት ቀለም አትንኩ። ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ልጅ ደግሞ መጫወቻውን ይልሳል። እርድ በጥቂት ውኃ አፍሉ፣ ደማቅ ቢጫ ይወጣዋል። ወፍራም ቡና ቡናማ ይሰጣል። ቀይ ሥር መጀመሪያ ያምራል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ይደበዝዛል። ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ አንዴ ካራሳችሁት ካርቶኑ ያብጣል። እርዱ በደንብ ሳይደርቅ ከሰጣችሁ የበዓል ነጠላችሁን እርሱት።

በርበሬ እንዳታስቡ። ቀልድ አይደለም፤ ጎረቤቴ ጠይቃኛለች። እጁን ቀባ፣ ዓይኑን አሸ፣ በዓሉ አለቀ።

## ደረጃ 4፦ ኳስና ለስላሳ የገና ዱላ

በልጅነታችን የካልሲ ኳስ ፌስታል እየጠቀጠቅን ሠርተናል። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ፌስታል አይሆንም፤ ኳሱ ከተቀደደ ፊቱ ላይ ይለጠፋል። ውስጡ ጨርቅ ብቻ ይሁን።

1. ቲሸርቱን ጣት በሚያህል ስፋት ሸርክቱ። ለአሻንጉሊቷ ግማሹን ሳትነኩ አስቀምጡ።
2. ሽርክቱን እንደ ክር ኳስ እየጠመጠማችሁ ብርቱካን እስኪያህል አክብቡት። ዝም ብላችሁ ካጨቃችሁት ኳሱ ጎባጣ ይሆናል።
3. ካልሲው ጣት ድረስ ክተቱ። አፉን ግጥም አድርጋችሁ ጠምዝዙ። የተረፈውን ገልብጣችሁ ኳሱን አልብሱት። እስኪያልቅ ደጋግሙ።
4. ሁለተኛውን ካልሲ ከተቃራኒው በኩል አልብሱ። የመጀመሪያው አፍ ከስር ይቀበራል። የማይፈታበት ምክንያት ይህ ነው።
5. ሦስተኛውንም እንዲሁ። የመጨረሻውን ጠርዝ በድርብ ክር፣ እያንዳንዱን ስፌት ሁለቴ እየወጋችሁ ስፉ። ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ቅበሩት።

ኳሱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ካነሰ አንድ ካልሲ ጨምሩ።

ዱላው ከተፈለገ፦ 6 የጋዜጣ ገጽ በዱቄት ሙጫ እየቀባችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። እርጥብ ሳለ አንዱን ጫፍ አጉብጡና በገመድ ወጥሩት። ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው። ገመዱን ፈታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርቅ አልብሳችሁ ስፉት። ሲደርቅ ከተቃና አልደረቀም ማለት ነው፤ እንደገና አርጥባችሁ አጉብጡት።

«በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ይባላል። ቢሆንም ዱላውን አፉ ውስጥ ይዞ ሲሮጥ ተቆጡ። ጀበና አጠገብም አይጫወት።

## ደረጃ 5፦ አሻንጉሊቷ

1. ወረቀት ላይ 25 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም የሰው ቅርጽ ሳሉ። እጅና እግሯን አወፍሩ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር። ቀጭን እጅ ሲገለበጥ አይወጣም። አንገቷም አይቅጠን።
2. ጨርቁን ድርብ አድርጋችሁ፣ ለስፌት 1 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ትታችሁ ቁረጡ። ያረጀ ነጠላ ብቻውን ይሳሳል፤ ከቲሸርቱ ጋር ደርቡት።
3. ፊቷን አሁን ስፉ። ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ሁሉም በክር። ቁልፍ የለም። ከተሞላች በኋላ ፊት መስፋት ድንች ላይ እንደ መጥለፍ ነው።
4. ሁለቱን ጨርቅ ፊት ለፊት ገጥማችሁ በድርብ ክር ስፉ፤ ዙሪያውን ግን አትጨርሱት፣ ተራ 6 ላይ ያለውን ክፍት አስቀሩ። መርፌውን አንድ ርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ እየመለሳችሁ ውጉ። ዝም ብሎ ወደፊት የሚሄድ ስፌት አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ይተረተራል።
5. ብብቷና ጭኗ መሐል ሁለተኛ ዙር ስፉ። የምትቀደደው እዚያ ነው።
6. ጎኗ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ።
7. በብብትና በአንገት ጥግ ላይ ትርፉን በመቀስ ነካ ነካ አድርጉ። ስፌቱን እንዳትቆርጡ። ይህን ካልዘለላችሁ ስትገለበጥ አትሸበሸብም።
8. ገልብጧት። ለእጅና ለእግር ያልተቀረጸ እርሳስ ግፉበት፤ መቀስ አይሆንም፣ ይቀደዳል።
9. እግርና እጇን አስቀድሙ። ሽርክቱን ወይም ጥጡን በትንሽ በትንሹ ክተቱ። በትልቁ ከጨመራችሁ ይጓጉላል።
10. አንገቷን ከሌላው ይበልጥ ጠቅጥቁ። አንገቷ ከላላ ጭንቅላቷ ይወድቃል፣ ልጁም በዚያው ያንጠለጥላታል።
11. ክፍቱን እጅግ ተቀራራቢ በሆነ ስፌት ዝጉ።

ፀጉሯን በጥቁር ክር እዚያው ጭንቅላቷ ላይ ጥለፉ። የሚንጠለጠል ሹሩባ ሊነቀል ይችላል። የጥበብ ቁራጯን ቀሚስ አድርጋችሁ ከገላዋ ጋር ስፉት። የሚወልቅ ቀሚስ የሚያምረው ለትልቅ ልጅ ነው።

*ስፌቱ ከተሸበሸበ፦* ክሩን ስባችኋል። ሳትሞሏት ፍቱና ድገሙ።

## ደረጃ 6፦ ፍተሻ

ይህን ታኅሣሥ 27 አድርጉ፤ የተበላሸውን ለማስተካከል አንድ ቀን ይኑራችሁ።

- እያንዳንዱን ጎማ፣ እጅና እግር በሙሉ ኃይላችሁ ሳቡ። እናንተ እጅ ላይ ቢወልቅ ይሻላል።
- ከወገባችሁ ከፍታ አምስት ጊዜ ጣሉ።
- የወለቀው ነገር በሶፍት ቱቦው የሚያልፍ ከሆነ ያ ክፍል ይቀየር።
- በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። ስንጥርና ሹል ጠርዝ ይታወቃችኋል።
- መርፌዎቹን ቁጠሩ። አንድ ከጎደለ አሻንጉሊቷን ሙሉ በሙሉ ሳትጨምቁና ሳትፈትሹ እንዳትሰጡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ልጅ ልጅ ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ልጅ አንድ ነገር ቢያንቀውና እየሳለ ከሆነ ይሳል፤ አትምቱት። ድምፁ ከጠፋ አንድ ሰው የአካባቢያችሁን አስቸኳይ እርዳታ ይጥራ። እናንተ ወደፊት አዘንብላችሁ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መሐል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ፣ ከእምብርቱ ከፍ ብላችሁ በጭብጣችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እስኪወጣ ሁለቱን አፈራርቁ። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ይበልጥ ይገባል።

## ከተሰጠ በኋላ

በየሳምንቱ ቅዳሜ መጫወቻዎቹን አንዴ ሳቡ፣ ዳስሱ። ካርቶን ከረጠበ ወይም ጥቁር ነጥብ ካወጣ ሻግቷል፤ ይጣል። ኳሱና አሻንጉሊቷ በእጅ ይታጠባሉ፤ ውስጣቸው እስኪደርቅ ግን ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋሉ። ከውጭ ደርቀው ከውስጥ የረጠቡ እንደሆነ ሽታቸው ይነግራችኋል።

መኪናው ሲጎብጥ አትዘኑ፤ የሚያልቀው ካርቶኑ ነው። በጎንና በጎን ቀዳችሁ ቱቦዎቹን ከነጎማቸው አውጡና ሌላ ካርቶን ላይ ግጠሙ። የእኛው አሁን ሦስተኛ ካርቶኑ ላይ ነው። ልጁ አውቶብስ ነው ይላል፣ አሻንጉሊቷ ደግሞ ረዳት ናት።